የወረቀት ዝሆን፦ የሚራመደው ማሽን አባቱ ማነው?

ስታር ዋርስን አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ እነዚያን ባለ አራት እግር ማሽኖች አንድ ቦታ ሳያያቸው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው «ዘ ኢምፓየር ስትራይክስ ባክ» ፊልም ላይ በበረዶ ሜዳ ተሰልፈው ይመጣሉ። አይቸኩሉም። የአማፂዎቹ ጥይት እየነጠረባቸው፣ አንዱን እግር አንስተው ሌላውን እየተከሉ፣ እንደ ግራጫ ዝሆን መንጋ ዝም ብለው ይጠጋሉ። ስማቸው ኤቲ-ኤቲ ነው። በታሪኩ ውስጥ ቁመታቸው ከ20 ሜትር ያልፋል።

ይህንኑ ማሽን ዛሬ በፕሪንተር አትመው፣ በመቀስና በምላጭ ቆርጠው፣ በኮላ አጣብቀው ጠረጴዛቸው ላይ የሚያቆሙ ሰዎች በየአገሩ አሉ። ዝርዝር የበዛበት ንድፍ ከሆነ ቁርጥራጩ በመቶዎች ይቆጠራል፤ ሥራውም ሳምንታት ይፈጃል። «ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው ወረቀት እየቆረጠ ይጫወታል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። የኔም ክርክር ከዚህ ሰው ጋር ነው። ታሪኩን ወደ ኋላ እየተከተልኩ ስሄድ ያገኘሁት ነገር ቢኖር፣ ይህ አስፈሪ ማሽን ከወረቀት የተሻለ ዘር እንደሌለው ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጋዜጠኝነት ስንማር ጠዋት ማታ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ምንጩ ማነው?» እስኪ ይህን ጥያቄ ለኤቲ-ኤቲ እናቅርብለት። በቅሎን «አባትህ ማነው?» ቢሉት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለ ይባላል፤ የዚህም ማሽን መልስ ከዚያ አይርቅም። ለብዙ ዓመታት ሲወራ የኖረው፣ አባቶቹ በካሊፎርኒያ የኦክላንድ ወደብ ላይ የቆሙት ግዙፍ ክሬኖች ናቸው የሚል ነው። ክሬኖቹን ከሩቅ ላያቸው እውነትም እግርና አንገት ያላቸው ይመስላሉ። ወሬው ያምራል፤ ጆርጅ ሉካስ ግን ራሱ አስተባብሎታል። ንድፉን ያወጣው ጆ ጆንስተን የጠቆመው ሌላ ቦታ ነው። ዩ.ኤስ. ስቲል የተባለው የአሜሪካ ብረታ ብረት ኩባንያ በ1960ዎቹ ሲድ ሚድ ለሚባል ሠዓሊ ገንዘብ ከፍሎ «ብረት ነገ ምን ሊሠራ ይችላል» የሚል የማስታወቂያ መጽሐፍ አሠርቶ ነበር። ከሥዕሎቹ አንዱ በበረዶ ላይ በአራት እግሩ የሚሄድ የጭነት ማመላለሻ ነው።

ልብ በሉ እንግዲህ። ያ ሁሉ የኢምፓየር ግርማ የተቀዳው ብረት ለመሸጥ ከታተመ ወረቀት ነው። ሥዕሉ ላይ ያለውን ማሽን ያኔ ማንም አልሠራውም፤ ማንም አልነዳውም።

አያቶቹንም ካነሳን ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ፓፍኑቲ ቼቢሼቭ አለ። በክብ የሚዞረውን እንቅስቃሴ ወደ እርምጃ የሚቀይር፣ አራት እግር ያለው መሣሪያ ሠርቶ በ1878 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አሳይቷል። ከዚያ ኤች.ጂ. ዌልስ መጣ። «የዓለማት ጦርነት» የተባለው ልብ ወለዱ በ1897 በመጽሔት በተከታታይ፣ በ1898 ደግሞ በመጽሐፍ ሲወጣ የማርስ ሰዎች እንግሊዝን የሚወሩት በሦስት እግር ማሽኖች ነበር። የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ዌልስ በመጽሔቱ ላይ ለታሪኩ የተሳሉትን ሥዕሎች አልወደዳቸውም። በመጽሐፉ እትም ላይ ማሽኖቹን ድርቅ ያሉ፣ የማይተጣጠፉ አድርጎ የሣለን ሰው የሚነቅፍ አንቀጽ ጨመረበት። እንደ ሕያው ፍጡር የሚንቀሳቀስ ነገር ጽፎ በወረቀት ላይ ያገኘው ወንበር ነበር። ይህ ቅሬታ እስከ ዛሬ አልተፈታም፤ የወረቀት ሞዴል የሚሠራ ሰው ሁሉ ሲጨርስ ይገጥመዋል።

ማንም አልሞከረውም ግን አይደለም። በዚያው በ1960ዎቹ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ራልፍ ሞሸር በሚባል መሐንዲስ መሪነት ለአሜሪካ ጦር የሚራመድ የጭነት መኪና ሠርቷል። ክብደቱ 1400 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር፤ እግሮቹ በሃይድሮሊክ ይንቀሳቀሱ ነበር። ነጂው መሐል ተቀምጦ በሁለት እጁ የፊተኞቹን፣ በሁለት እግሩ የኋለኞቹን እግሮች ያዝዛል። ማለትም ሰውዬው እየነዳ ሳይሆን በአየር ላይ እየዳኸ ነበር። እያንዳንዷን እርምጃ ራሱ ማሰብ፣ ራሱ ማመጣጠን ስላለበት ማሽኑ ሳይደክም እሱ ይደክማል። ጦሩ ፕሮጀክቱን ተወው። ከዚህ ሙከራ የተረፈው ማሽን በቨርጂኒያ፣ ፎርት ዩስቲስ ወደሚገኘው የጦሩ የትራንስፖርት ሙዚየም ገብቷል።

ለምን እንዲህ ደከሙ? መንኮራኩር መንገድ ይፈልጋል። ይህን ለኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ መኪና ተስፋ በሚቆርጥበት ዳገት ላይ በቅሎ ጭነቷን ይዛ ትወጣለች። አሜሪካኖቹም ይህንኑ ነበር የፈለጉት። ቦስተን ዳይናሚክስ በ2005 ቢግዶግ የተባለውን ባለ አራት እግር ሮቦት አቀረበ፤ ቀጥሎም ለባሕር ኃይል እግረኛው ጦር፣ ለማሪኖቹ፣ 180 ኪሎ ገደማ የሚሸከም ተለቅ ያለ ሮቦት ተሠራ። በ2015 ግን ይህም እንደማይቀጥል ተሰማ። ምክንያቱን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ የሞተሩ ጩኸት ወታደሮቹ ያሉበትን ቦታ ያጋልጣል ተባለ። አንድ የገጠር ገበሬ ቢጠየቅ ኖሮ በቅሎ ሞተር እንደሌላት በነጻ ይነግራቸው ነበር።

እነዚህ እንግዲህ ትንንሾቹ ናቸው። የፊልሙ ባለ ብዙ ፎቅ ዝሆን ግን ሌላ ችግር አለበት፤ ችግሩን ደግሞ ጋሊሊዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ ጽፎታል። የአንድን ነገር ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሁለት ብታባዙ ክብደቱ 8 ጊዜ ይጨምራል፤ የተሸከመው እግር የወርድ ስፋት ግን የሚጨምረው 4 ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ግዙፍ እንስሳ ግዙፍ ሳይሆን ግዙፍና ወፍራም አጥንት ያስፈልገዋል። የኤቲ-ኤቲን ቀጫጭን እግሮች ይህን ይዛችሁ እዩዋቸው። በ20 ሜትር ቁመት፣ በዚያ ሁሉ ብረት፣ በዚያ ቁርጭምጭሚት! ባነሰ ቁጥር ግን ሒሳቡ ይቀልለታል። ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ወረቀት እንኳ ይሸከመዋል።

አሁን ወደ ፊልሙ እንመለስ፤ ምክንያቱም የክርክሬ ዋና ነጥብ እዚህ ነው። ተዋንያኑ በ1979 ኖርዌይ ውስጥ ፊንሰ በሚባል ስፍራ በእውነተኛ በረዶ ተቀርጸዋል። ማሽኖቹ ግን ኖርዌይን አልረገጡም። የተቀረጹት ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ጣሪያ ሥር ነው። በአብዛኛው ትዕይንት የምናያቸው ግማሽ ሜትር ገደማ ቁመት የነበራቸው ሞዴሎች ናቸው። በረዶው በአብዛኛው ቤኪንግ ሶዳ ነበር፤ አዎ፣ ኬክ የሚነፋው። ሰማዩና ተራራው ከኋላ የተሳለ ሥዕል ነው። ፊል ቲፐትና ጆን በርግን የመሳሰሉ ባለሙያዎች በበረዶው ሜዳ ላይ ከተከፈቱ ስውር ቀዳዳዎች ብቅ እያሉ እግሩን ጥቂት ያንቀሳቅሱታል፤ ይሰወራሉ፤ ካሜራው አንድ ፎቶ ያነሳል፤ እንደገና ብቅ ይላሉ። ለአንድ ሰከንድ ፊልም 24 ፎቶ ያስፈልጋል። እርምጃው እውነት እንዲመስል ደግሞ ሕይወት ያለው ዝሆን ሲራመድ ቀርጸው አጥንተዋል። የሞዴሎቹን ገላ የሞሉት ጥቃቅን ክፍሎች ከሱቅ ከተገዙ የታንክና የመሳሰሉት የፕላስቲክ መገጣጠሚያ ሞዴሎች የመጡ ነበሩ።

ስለዚህ ወረቀት ቆራጩን «እውነተኛውን ትቶ በአሻንጉሊቱ ይጫወታል» ማለት አይቻልም። እውነተኛው የሚባል የለም። በፊልሙ ላይ ሲራመድ የምናየው ሞዴል ነው፤ እሱም ከሌላ ሞዴል ተቆርጦ የተሠራ። ግማሽ ሜትር የወረቀት ኤቲ-ኤቲ ያቆመ ሰው ካሜራው ፊት ከቆመው ጋር እኩል መጠን ያለው ነገር ሠርቷል።

የወረቀቱ ታሪክ ከማሽኑ ይረዝማል። ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብረሽት ዱረር በ1525 ስለ ልኬት ባሳተመው መጽሐፍ ብዙ ገጽ ያላቸውን ጠጣር ቅርጾች ፈታትቶ፣ በአንድ ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ዘርግቶ ሣላቸው። አንባቢው ቆርጦ ሲያጥፋቸው ቅርጹ ተመልሶ ይነሳል። ዛሬ ፕሪንተር የሚተፋው ሉህ በሐሳቡ ያው ነው። ማንኛውም የጎደጎደ ገጽ የሌለው፣ ጠፍጣፋ ጎኖች ያሉት ቅርጽ ሁሉ በጠርዞቹ ብቻ ተቆርጦ፣ ሳይደራረብ ባንድ ቁራጭ ሊዘረጋ ይችል እንደሆነ ሼፈርድ የተባለ የሒሳብ ሰው በ1975 ጠየቀ፤ ጥያቄው እስካሁን መልስ አላገኘም። ኳስ ግን እንደማይዘረጋ ጋውስ በ1827 አረጋግጧል። ብርቱካን ልጣችሁ ልጣጩን ጠረጴዛ ላይ ለመደልደል ከሞከራችሁ ማረጋገጫው እጃችሁ ላይ ነው፤ ወይ ይቀደዳል ወይ ይጨማደዳል። ኤቲ-ኤቲ ለወረቀት የተመቸው በዚህ ምክንያት ነው። ሆዱም ጭንቅላቱም ሳጥን ነው፤ እግሩ ሳጥንና ክብ ነው፤ ኳስ የሚመስል ነገር የለበትም ማለት ይቻላል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይዋ ኤፒናልና የጀርመኑ ሽራይበር ማተሚያ ቤት ተቆርጠው የሚታጠፉ ቤተ መንግሥቶችንና መርከቦችን ለልጆች ያትሙ ነበር። ይህን ልለፈው። እኔን የያዘኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ የወረቀት ሞዴል የሚያብበው ሌላው ነገር ሲጠፋ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ብሪታንያ ውስጥ ብረትና እንጨት ለጦርነቱ ሲውል፣ ጄፍሪ ሃይዌይ የተባለ ሰው በፖስት ካርድ መጠን የታተሙ ጥቃቅን ሞዴሎችን ይሸጥ ነበር፤ ባቡር፣ አውሮፕላን፣ ካቴድራል። ፖላንድ ውስጥ ደግሞ በ1957 «ማዊ ሞደላሽ»፣ ትንሹ ሞዴል ሠሪ እንደማለት፣ የተባለ መጽሔት ታትሞ መውጣት ጀመረ። በሶሻሊስቱ ሥርዓት የውጭ የፕላስቲክ ሞዴል እንደ ልብ አይገኝም ነበር። መጽሔቱ ግን ከጋዜጣ መሸጫ ይገዛል፤ ውስጡ ሙሉ አውሮፕላን አለ። አውሮፕላኖቹ የሚታተሙበት የ1 ለ33 መጠን ዛሬም የወረቀት ሞዴል ሠሪዎች የተለመደ ልክ ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ ጃፓናዊው ተመራማሪ ጁን ሚታኒ ከባልደረባው ጋር በ2004 ባቀረበው ጥናት ጎባጣ ቅርጽን ወደ ወረቀት ጥብጣብ የሚፈታ ዘዴ አሳየ። ፔፓኩራ የተባለው የጃፓን ሶፍትዌርም መጣ፤ የዱረርን ሥራ ማንም ሰው በቤቱ እንዲሠራው አደረገ።

እስኪ አሁን ጠረጴዛው ላይ እንቀመጥ። ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት አይሆንም፤ ይልፈሰፈሳል። በካሬ ሜትር ከ160 እስከ 200 ግራም የሚመዝን ወፈር ያለ ወረቀት ይሻላል። ከመቁረጥ በፊት የሚታጠፈው መስመር ሁሉ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶና በማስመሪያ ይሰመራል፤ ይህን የዘለለ ሰው ጎኑ ቀጥ ያለ ሳጥን አያገኝም። ኮላው በስቴኪኒ ጫፍ ነው የሚቀባው፤ በጣት ከተቀባ ወረቀቱ ይርሳል፣ ይጣመማል። ሲቆረጥ ነጩ ጠርዝ ይታያልና በግራጫ ቀለም ይነካካል። የመድፎቹን ቱቦ ለመጠቅለል ወረቀቱ በየት በኩል በቀላሉ እንደሚጠቀለል መጀመሪያ መሞከር ነው፤ ወረቀት እንደ እንጨት የጭረት አቅጣጫ አለው፤ በተቃራኒው ከጠቀለላችሁት ይሰበራል። አንገቱ ብዙ ቀለበት የተደረደረበት ስለሆነ ትዕግሥት የሚያልቀው እዚያ ነው።

ዋናው ፈተና ግን እግሩ ነው። ሆዱና ጭንቅላቱ በአራት ጠባብ ቁርጭምጭሚቶች ላይ ያርፋሉ። ባዶ የወረቀት እግር መጀመሪያ ቀን ይቆማል፤ ውሎ አድሮ፣ በተለይ እርጥበት ባለበት ወቅት፣ ጉልበቱ ቀስ እያለ ይንበረከካል። መፍትሔው በእያንዳንዱ እግር ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የካርቶን ምሰሶ ማስገባት፣ በመጋጠሚያዎቹ ላይም ክብ ክብ ካርቶን ደራርቦ ማጣበቅ ነው። ጋሊሊዮ ያለው አጥንት ማለት ነው። አቋሙም ይታሰብበታል። አራቱም እግር መሬት ከነካ ማሽኑ ጽኑ ይሆናል፤ ግን ዌልስን ያበሳጨው ወንበር ሆኖ ያርፋል። አንዱን የፊት እግር ማንሳት የሚፈልግ ሰው ሆዱን በትንሹ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ የቀሩትን ሦስት መርገጫዎች ከመዝጋቱ በፊት ደግሞ በየውስጣቸው ሁለት ሁለት ሳንቲም ያጣብቅባቸዋል።