የማረጥ ምልክቶችና የሴቶች ኑሮ በሆሳዕናና በዱራሜ አካባቢ

ማረጥ የሚባለው የወር አበባ በእርግዝና፣ በማጥባት ወይም በሕመም ሳይሆን በተፈጥሮ ሂደት ለ12 ተከታታይ ወራት ሲቀር ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሴቶች ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይደርሱበታል፤ መነሻውም የእንቁላል ማኅደሮች ኤስትሮጅን የተሰኘውን ሆርሞን ማመንጨት መቀነሳቸው ነው። ከደረት ወደ ፊት በድንገት የሚወጣ ሙቀት፣ የሌሊት ላብ፣ እንቅልፍ ማጣትና የመገጣጠሚያ ሕመም ከታወቁት ምልክቶች ይቆጠራሉ። ሆርሞኑ በሁሉም ዘንድ ይቀንሳል፤ ምልክቱ ግን እኩል አይበረታም። በትውልድ ኢትዮጵያዊት የሆኑት አንትሮፖሎጂስት የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመ ጥናታቸው በሜክሲኮ ዩካታን የሚኖሩ የማያ ገበሬ ሴቶች ድንገተኛውን ሙቀት እንዳላነሡ፣ በግሪኳ ኤቪያ ደሴት ያሉት ግን እንደሚያውቁት አሳይተው፣ ለልዩነቱ አመጋገብንና የወሊድ ታሪክን በምክንያትነት ይጠቅሳሉ።

ሆሳዕናና ዱራሜ በሚገኙባቸው በሐዲያና በከምባታ ዞኖች ጉዳዩ ከእንሰት ሥራ ተነጥሎ አይታይም። እንሰት የምትፍቅ ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን አንሥታ ቅርፊቱን ከተጋደመው ሳንቃ ጋር እያጣበቀች፣ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ስትስብ ትውላለች፤ የቆጮን ጣዕም የሚያደንቅ ሁሉ የፋቂዋን ወገብ አያስብም። በሰፊው የሚሠራበት የማረጥ ምልክቶች መጠይቅ 11 ጥያቄዎችን ከ0 እስከ 4 በሚደርስ ነጥብ የሚያስመዝን ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም፣ ሌላው ድካም በመሆኑ፣ ፋቂዋ የምታስመዘግበው ነጥብ ምን ያህሉ የሆርሞን፣ ምን ያህሉ የዓመታት ጉልበት እንደሆነ ከቁጥሩ ብቻ መለየት አይቻልም። በቆላማው ወገን ደግሞ የሌሊት ላብ በቀላሉ ከወባ ጋር ሊምታታ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የባል መራቅ ነው። ከሁለቱ ዞኖች ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደረገው የወንዶች ስደት ለዓመታት የቆየ በመሆኑ፣ በርካታ ሚስቶች ቤቱንና እርሻውን ብቻቸውን ይዘዋል፤ ስለ ግንኙነት ፍላጎትና ስለ ብልት ድርቀት የሚጠይቁት የመጠይቁ ክፍሎች ባሏ አጠገቧ ለሌለች ሴት ትርጉማቸው ይለወጣል፣ «ችግር የለብኝም» የሚለው መልሷም ስለ ሰውነቷ ብዙ አይናገርም። በገንዘብ ረገድ የሚላክላት ሊደግፋት፣ የብቻ ኃላፊነቱ ደግሞ እንቅልፍ ሊነሳት ስለሚችል፣ ትምህርትንና ገቢን ብቻ የሚቆጥር ጥናት ይህን ሁሉ ያልፈዋል።

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ለሆኑ ሴቶች ስለሆነ፣ 50 የሞላት ሴት ምልክቱ በሚበረታባት ወቅት ከመዝገቡ ትወጣለች። በሆሳዕና የሚገኘው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም የተጠራው ሆስፒታሉ ዕድሜን ብቻ ሳይሆን የእንሰት ሥራን፣ የባልን መኖር አለመኖርና የወሊድ ታሪክን አብረው ቢመዘግቡ፣ የመዝገቡ ክፍተት ከዚሁ አካባቢ መሞላት ሊጀምር ይችላል።