ኒያላ የማን ቃል ነው?

«ኒያላ» ስንል አገርኛ ቃል የተናገርን ይመስለናል። ሲጋራው ኒያላ፣ ኢንሹራንሱ ኒያላ። በ1969 ዓ.ም. በወጣው አሥር ሳንቲም ላይ የተቀረጸውም እንስሳ እሱው ነው። ቃሉ ግን አማርኛም ኦሮምኛም አይደለም። ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው፤ እንግሊዝኛም ከደቡብ አፍሪካ የተዋሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዙሉዎች «ኢንያላ» የሚሉት የቆላ እንስሳ አላቸው። አውሮፓውያን በ1849 (እ.ኤ.አ.) በሳይንስ መዝገብ አሰፈሩት፤ ከባለአገሮቹ የሰሙት ስምም እንግሊዝኛ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በ1908 ሻለቃ አይቮር በክስተን የሚባል እንግሊዛዊ አዳኝ ከዝዋይ ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ፣ በአርሲ ደጋ፣ ለንደን የማታውቀው እንስሳ ገደለ። የእንስሳት ተመራማሪው ሪቻርድ ላይደከር በ1910 «ኔቸር» መጽሔት ላይ «ነጠብጣቡ ኩዱ» ብሎ አስተዋወቀው። ኩዱ እኛ አጋዘን፣ ኦሮሞው ገደምሳ የሚለው ነው፤ ቃሉም ከኮይኮይ ሕዝብ ቋንቋ ተነሥቶ በደች ሰፋሪዎች አፍ አልፎ እንግሊዝኛ የገባ ነው። በዓመቱ ላይደከር «የተራራ ኒያላ» ወደሚለው ዞረ። በላቲኑ ስምም የአዳኙ ስም ተለጠፈ፦ «በክስቶኒ»።

እንግዲህ በስሙ ውስጥ ዙሉ አለ፣ እንግሊዝ አለ፤ አርሲ የለም። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዱር በየትም የማይገኝ እንስሳ ነው እንግዲህ!

የሚገርመው ስሙ በሳይንስም አላዋጣም። የዘረመል ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሁለቱ «ኒያላዎች» የቅርብ ዘመዳሞች አይደሉም። «የደጋ አጋዘን» የሚለው አማርኛችን ቢያንስ የት እንደሚኖር ይናገራል።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ጀርመናዊው ሩፔል በ1835 ጭላዳን ሲመዘግብ የአገሬውን ቃል ወሰደ፤ ዛሬ ዓለም «ጌላዳ» የሚለው የኛኑ ጭላዳ ነው። ዋልያም ዋልያ እንደተባለ እንግሊዝኛ ገብቷል።

ይህ የስም ቅናት ብቻ አይደለም። በጭላሎ፣ በጋላማና በካካ ተራሮች የገብሱ እርሻና የከብቱ ግጦሽ ወደ ላይ እየገፋ ነው፤ እንስሳው በዓለም አቀፍ ደረጃ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው አንዱ ነው። ጠብቁት የሚባለው ደግሞ የጭላሎ ገበሬ ነው። ለእሱ በሚጻፍ ሰሌዳ ላይ ከሩቅ የመጣውን ስም አስቀድሞ የሱን ቋንቋ ከታች ማድረግ ምን ይባላል? አሰላ ላይ ያሉ የሚመለከታቸው ሰዎች ቅደም ተከተሉን ቢገለብጡት ወጪው የቀለም ብቻ ነው።