ከቮልስ እስከ ቪ ኤይት፦ መኪናችን መንገዳችንን ሲበልጠው

ባለፈው የመገናኛ በዓላችን ዕለት ስድስት ኪሎ በሩ ላይ ለሩብ ሰዓት ያህል ቆሜያለሁ። ወድጄ አይደለም። ከፊቴ የኛው ዘመን ልጆች መኪኖች ተደርድረዋል፤ አንዱ ሊገባ፣ አንዱ ሊዞር፣ አንዱ ሰው ሊያወርድ። አብዛኞቹ ትልልቅ፣ አብዛኞቹ ነጭ። የዛሬዎቹ ተማሪዎች ደብተራቸውን አቅፈው በስፖኪዮና በስፖኪዮ መካከል ጎናቸውን እያጠበቡ ያልፋሉ። አንዲት ልጅ ኮፈኑ ደረቷ ድረስ መጥቶባት፣ ሹፌሩ አይቷት እንደሆነ ለማረጋገጥ ቆማ ስታንጋጥጥ አየሁ። ሹፌሩ የክፍል ጓደኛዬ ነበር። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን አላያትም፤ ስልክ ላይ ነበር።

እኛ በዚያ በር የገባነው በእግራችን ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ መኪና ያለው መምህር ቮልስ ይይዛል፤ አለዚያም አንዲት ትንሽ ፊያት። ቮልሷን ዛፍ ሥር አቁሞ ሲሄድ ግቢው መኪና መቆሙንም የሚያውቅ አይመስልም ነበር። ታዲያ በዚያች ሩብ ሰዓት አንድ ጥያቄ ያዘኝና እስካሁን አልለቀቀኝም። እነዚህ ትልልቅ መኪኖች ለዕለት ተዕለት መንገዳችን አልበዙም ወይ? የታሪክ ተማሪ ነበርኩና ከሥሩ ልጀምር።

የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ከጅቡቲ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ ለዳግማዊ ምኒልክ አመጣ። ከሷ ቀደም ብሎ ግን ከተማው ሌላ ማሽን አይቷል፤ በአርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን አማካይነት የመጣውን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ። ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ልብ በሉልኝ፤ ያ ግዙፍ ማሽን የመጣው መንገድ ሊሠራ ነበር።

ከዚያ ወደ 1943 ዓ.ም. እንለፍ። ለኛ ትልቅ ዓመት ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ መነሻ፣ አራት ኪሎ ላይ ሥራ የጀመረበት። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ ወደ ጃፓን ብንሻገር፣ ቶዮታ ኩባንያ ቢጄ ብሎ የሰየማት በአራቱም ጎማዋ የምትጎትት መኪና የፉጂን ተራራ ወጥታ ስድስተኛው ማረፊያ ደረሰች። በ1954 እ.ኤ.አ. ላንድክሩዘር የሚል ስም ወጣላት። ኮሌጁ፣ መንገድ ሠሪው መሥሪያ ቤትና ላንድክሩዘር እኩዮች ናቸው ማለት ነው።

ያቺ የመጀመሪያዋ ቢጄ ጎኗ 1 ሜትር ከ58 ሳንቲሜትር ገደማ ነበር። ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣውና ብዙዎቻችን በልጅነታችን የምናውቀው 40 የሚባለው ሞዴል 1 ሜትር ከ67 ያህል ነው። ቮልስ 1 ሜትር ከ54፣ ላዳ ታክሲ 1 ሜትር ከ61። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው 200 የሚባለው ሞዴል፣ እኛ ቪ ኤይት የምንለው፣ ወደ 1 ሜትር ከ97 ደረሰ። ይህ ሁሉ ስፖኪዮ ሳይቆጠር ነው። ርዝመቱም ወደ 5 ሜትር ሆነ። ሀገር አቋራጩ መኪና በእኛ ዕድሜ ወደ 40 ሳንቲሜትር ወፈረ። የሠራተኛ ሰፈር መተላለፊያ ግን አንድ ሳንቲሜትር አልጨመረም።

ይህን ስል ላንድክሩዘርን ለመንቀፍ ተነስቼ አይደለም፤ ብነቅፈው እንጀራዬን እንደ መንቀፍ ነው። ከተመረቅሁ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ በዕርዳታ ሥራ ላይ ነበርኩ። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ወሎ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። መንገዱ ባለቀበት ቦታ ምግብና መድኃኒት ይዞ የሚገባው እሱ ነበር። ጭቃ ውስጥ ያደረ፣ ወንዝ ሞልቶበት የጠበቀ ሰው ያንን መኪና እንደ በቅሎ ይወደዋል። ነጩ ላንድክሩዘር በኛ ሀገር የተከበረው በሥራው ነው።

ችግሩ የመጣው ክብሩ ከሥራው ተለይቶ ከተማ ሲቀመጥ ነው። ቪ ኤይት የሚለው ቃል የሞተር ስም መሆኑ ቀረና የሹመት ስም ሆነ። «እገሌ ቪ ኤይት ያዘ» ሲባል ስለ ስምንቱ ሲሊንደር የሚያስብ የለም፤ ተሾመ ማለት ነው። ኮድ 4 ታርጋ ያለው፣ ከቢሮ ወደ ስብሰባ፣ ከስብሰባ ወደ ቢሮ ብቻ የሚመላለስ፣ ጭቃ የማያውቅ ላንድክሩዘር በዛ። ባለሀብቱም ተከተለ። እኛም ተከተልን። እኔም ጭምር።

አሁን የራሴን ልናገር። በ2003 ዓ.ም. ነው። በማግስቱ መስክ ልወጣ ስለነበር የመሥሪያ ቤቱን ቪ ኤይት ይዤ እሑድ ከሰዓት እናቴን ልጠይቅ ሠራተኛ ሰፈር ገባሁ። ሰፈሩ ምኒልክ የእጅ ባለሙያዎችን ያሰፈሩበት ነው፤ መተላለፊያው ለሰውና ለበቅሎ የተተወ እንጂ ለመኪና የታሰበ አይደለም። ግንቡን አስታክኬ አቆምኩና ቡና ላይ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ሳይቀዳ ጩኸት ሰማን። የጎረቤታችን አባወራ ደረታቸውን ይዘው ወድቀዋል። አንዱ ልጅ ሮጦ ላዳ ታክሲ ጠርቷል፤ ታክሲው ግን የኔ መኪና ጋ ሲደርስ ቆመ። አያሳልፍም።

ቁልፍ ይዤ ሮጥኩ። ወደኋላ ለመውጣት ረጅም መንገድ ነበር፤ በአንድ ጎን ግንብ፣ በሌላው ክፍት ቦይ። አንዱ «ና፣ ና፣ ቁም!» ይለኛል፤ እኔ ስፖኪዮ አጥፌ፣ መሪ እያዞርኩ፣ ላቤ እየወረደ በኤሊ እርምጃ እሄዳለሁ። የሰፈሩ ጎረምሶች ግን አልጠበቁኝም። አዛውንቱን በጋቢ አድርገው ተሸክመው አስፋልት አወጧቸው። ሐኪም ቤት ደረሱ፤ በአራተኛው ቀን ግን አረፉ። እነዚያ ደቂቃዎች ለውጥ ያመጡ እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ለቅሶ ልደርስ ስገባ ባለቤታቸው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። አልተቆጡም። «ልጄ» አሉኝ፣ «ያ መኪናህ ለሀገሩ ነው እንጂ ለሰፈሩ አይደለም።»

ከሳልስቱ በኋላ ሜትር ይዤ ሄጄ መተላለፊያውን ለካሁት። ጠባቡ ቦታ 3 ሜትር ተኩል ነው። ከዚያ ላይ ቪ ኤይቱ 1 ሜትር ከ97 ሲወስድ 1 ሜትር ከ53 ይቀራል፤ ላዳ የሚፈልገው 1 ሜትር ከ61 ነው። ግንቡን አስነክቼ ባቆመው እንኳ 8 ሳንቲሜትር ጎድሏል ማለት ነው። እንደ ድሮ መምህሮቻችን በቮልስ ሄጄ ቢሆን 1 ሜትር ከ96 ይተርፍ ነበር፤ ታክሲው ያልፍ ነበር። ይህ ሒሳብ ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሮኝ አለ።

ትልልቁን መኪና የሚወድ ጓደኛዬ ሁለት ምክንያት ይሰጠኛል። አንደኛው፣ «የኛ ሀገር መንገድ እኮ ያለሱ አይቻልም» የሚል ነው። እውነት አለው፤ ግን ያ እውነት ስለ ከፍታና ስለ ጉልበት እንጂ ስለ ስፋት አይደለም። ገጠር ውስጥ እውነተኛውን ሥራ የሚሠራው፣ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው፣ ሃርድቶፕ የምንለው 70 ሞዴል ነው። እሱ ከቪ ኤይቱ 20 ሳንቲሜትር ያህል ይጠባል። ጭቃው ስፋት አልጠየቀም፤ የጠየቀው ምቾቱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ደኅንነት ነው። «ቤተሰቤን ይዤ ስሄድ ትልቅ ብረት ውስጥ መሆን እፈልጋለሁ» ይለኛል። ይህንንም አልንቅበትም፤ አባት ነው። ግን የማን ደኅንነት? የአሜሪካው የአውራ ጎዳና ደኅንነት ኢንሹራንስ ኢንስቲትዩት በ2023 እ.ኤ.አ. ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ እግረኞች የተገጩባቸውን አደጋዎች መርምሮ ነበር። ኮፈናቸው ከመሬት 1 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ከፍ ያለ መኪኖች፣ ኮፈናቸው ዝቅና ዘንበል ካለ መኪኖች ይልቅ የገጩትን እግረኛ የመግደል ዕድላቸው 45 በመቶ ያህል እንደሚበልጥ አገኘ። አዲስ አበባ ውስጥ በመንገድ አደጋ ከሚሞተው አብዛኛው እግረኛ ነው። ስለዚህ ውስጥ ያለውን የሚጠብቀው ብረት ውጭ ያለውን ምን እንደሚያደርገው መጠየቅ ይገባናል።

ታሪኩን ስመረምር ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ሕጉ ነው። በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 እስከ 1300 ሲሲ ያለ መኪና 30 በመቶ፣ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ይከፍል ነበር። ሕዝቡ ይህን አይቶ ቪትዝ ገዛ፤ ከተማው በቪትዝ የተሞላው ለዚህ ነው። ቪ ኤይቱ ግን ከ4000 ሲሲ በላይ ሆኖ ሳለ አልቀረም። ለምን? ዲፕሎማቱና የዕርዳታ ድርጅቱ ከቀረጥ ነፃ ያስገባል። መንግሥት ቢከፍልም ከአንዱ ኪሱ ወደ ሌላው ኪሱ ነው። ግብሩ የያዘው የራሱን ገንዘብ የሚያወጣውን ሰው ብቻ ነበር። ሕጉ ደግሞ ሞተር ይለካል እንጂ ትከሻ አይለካም፤ መንገዱን የሚይዘው ግን ትከሻው ነው።

በዚህ ብቸኞች አይደለንም። ዋሽንግተን ዙሪያ ያላችሁ ጓደኞቻችን እንደምታውቁት፣ አሜሪካ በ1975 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ቁጠባ ሕግ ስታወጣ ለቀላል የጭነት መኪኖች የላላ መስፈርት ተደረገ፤ ትልልቆቹ የቤተሰብ መኪኖችም በዚያ ሥር ተቆጠሩ። ኩባንያዎቹ ወደዚያ መሮጣቸው አይገርምም። እዚያ ግን መንገዱም አብሮ ሰፊ ነው። የኛን ሰፈር የሚመስል አሮጌ ከተማ ያላቸው አውሮፓውያን ነገሩ ቶሎ ተሰምቷቸዋል። በ2024 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ነዋሪዎች ከ1.6 ቶን በላይ የሚመዝን የነዳጅ መኪና ይዞ የሚመጣ እንግዳ የማቆሚያ ክፍያ ሦስት እጥፍ እንዲሆን ድምፅ ሰጡ፤ መሃል ከተማ በሰዓት 18 ዩሮ። የደገፈው 54.5 በመቶ ነበር። ድምፅ ሊሰጥ የወጣው ከመቶ 6 ሰው እንኳ አለመሙላቱንም ሳልደብቅ ልናገር። ሆኖም አንድ ከተማ «መንገዴ ይህን ያህል ነው» ብሎ መናገር እንደሚችል አሳይተዋል።

ዛሬ እኛ ጋ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ ከልክሎ በኤሌክትሪክ እንዲተካ ወሰነ። በኮሪደር ልማቱም የእግረኛ መንገድ እየሰፋ፣ የብስክሌት መስመር እየተሠራ ነው። ደስ ይላል። ነገር ግን የኤሌክትሪኩም መኪና በትልቅ ገላ እየመጣ ነው፤ በባትሪው ምክንያት ደግሞ ክብደቱ ይብሳል። ጭሱ ቀረ ማለት ስፋቱ ቀረ ማለት አይደለም። ነዳጁን ስንቀይር መለኪያውንም ካልቀየርን፣ ያ ላዳ ዛሬም እዚያው ይቆማል።

ስለዚህ ለመምህራኑና ለእናንተ ለእኩዮቼ የምለው ይህ ነው። የአምስት ኪሎ መሐንዲሶች የአሮጌ ሰፈሮቻችንን መተላለፊያዎች ከመፍረሳቸው በፊት ይለኩልን። የሕግ ሰዎች ግብርና የማቆሚያ ክፍያ በስፋትና በክብደት ቢተመን ምን እንደሚሆን ይጻፉልን። መሥሪያ ቤት የምትመሩ ደግሞ፣ ብዙ ናችሁና፣ መስክ የሚወጣውን መኪና ለመስክ ተዉት፤ ከተማ ውስጥ በትንሽ መኪና መሄድ ሹመት አይቀንስም።

እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አሮጌ ቪትዝ አለችኝ። እናቴም ዐርፋለች፤ ሠራተኛ ሰፈር ግን አሁንም ለዓመት በዓል እሄዳለሁ። አስፋልቱ ዳር አቆማትና በእግሬ እገባለሁ። በሚቀጥለው የመገናኛ በዓላችንም ሐሳብ አለኝ፤ ስድስት ኪሎ አደባባይ፣ የሰማዕታት ሐውልቱ ጋ እንገናኝና እንደ ድሮው በበሩ በእግር እንግባ። መሄድ ለከበዳቸው ጓደኞቻችን አንድ ሁለት መኪና ይበቃል። ሹፌር ከጠፋ እኔ አለሁ።