የማትዘመረው ሻርፕ

ወደ ሆሳዕና፣ በጥንት ስሟ ዋቸሞ፣ የውጭ ሚሲዮናውያን የመጡት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው። ያመጡት መዝሙር በሰባት ድምፅ የተቀመረ ነበር፤ በሀዲያና በከምባታ መንደሮች የሰማሁት ነባር ዜማ ግን በአመዛኙ አምስት ይበቃዋል። ኖታ የማያነበው የአካባቢው ዘማሪ «ሙዚቃ አያውቅም» ሲባል እሰማለሁ። እስቲ ኖታውን ራሱን እንጠይቀው።

ሻርፕ ድምፅን በግማሽ እርከን ከፍ፣ ፍላት ዝቅ ያደርጋል። ከመስመሮቹ መነሻ ሲሰፍሩ ትእዛዛቸው ለዜማው ሁሉ ነው። ከሶል ለሚነሳ ሜጀር አንዲት ሻርፕ በፋ ላይ ትጻፋለች። በዚያው መነሻ ትዝታን እንቃኝ፦ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ። ፋ የት አለች? ከፋ ብንነሳም የምትጻፈው ፍላት በሲ ላይ ነች፤ ትዝታው ግን ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ ብሎ ሲን ይዘላታል። ምልክቷ ለማይዘመር ድምፅ ተሰቅላ ቀረች ማለት ነው።

አንቺሆዬማ ይብሳል። ከዶ ሲነሳ ሬና ሶል ፍላት ሆነው ላ እንዳለች ትቀራለች፤ እንዲህ ያለ የመነሻ ምልክት በአውሮፓው ሥርዓት የለም።

ዛሬ ኪቦርድ የያዘ ወጣት አምስቱን ጥቁር ቁልፎች ብቻ እየነካ ሜጀር ትዝታን ይጫወታል። ይህንኑ በወረቀት ላስፍር ቢል ስድስት ሻርፕ ይጠየቃል፤ ስድስተኛዋን፣ የሚን ሻርፕ፣ ጣቱ አንዴም አይነካትም።