ድምፅ ያልሰጡት

ወሬዬ የቺካጎ ነው፤ ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ያዙልኝ።

ቻርልስ ሜሪያም የሚባል ሰው በ1900 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የፖለቲካ ሳይንስ ያስተምር ጀመር። በ1908 ፓርቲዎች ዕጩ ስለሚለዩበት ቅድመ ምርጫ መጽሐፍ አወጣ። ይኼን ካወቀ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቢያስተምር ማን ይወቅሰዋል? እሱ ግን በዓመቱ ተወዳደረና የከተማው ምክር ቤት አባል ሆነ።

ከ35 ወረዳ ሁለት ሁለት ተወክሎ 70 ሰው የሚሰየምበት ምክር ቤት ነበር። ሜሪያም ገና ከመግባቱ የከተማዋን ወጪ የሚመረምር ኮሚሽን አስቋቋመና ራሱ መራው፤ ውሉን፣ ግዥውን ሲበረብር ብክነቱ አደባባይ ወጣ። እንዲህ ያለ ሰው ወዳጅም ጠላትም በአንድ ቀን ያፈራል። በ1911 የሪፐብሊካኖች ዕጩ ሆኖ ለከንቲባነት ቀረበ። ተቀናቃኙ ካርተር ሃሪሰን ራሱም አራት ጊዜ ከንቲባ የነበረ፣ የከንቲባ ልጅ ነው። ሜሪያም በ17 ሺህ ድምፅ ገደማ ተሸነፈ። በ1913 ወደ ምክር ቤቱ ተመልሶ እስከ 1917 ቆየ፤ በ1919 ለከንቲባነት ደግሞ ሞክሮ በቅድመ ምርጫው ወደቀ።

ሌላው ቢሆን አኩርፎ ይቀመጥ ነበር። እሱ ግን ሐሳቡ ማንንም ሳይመርጥ ቤቱ የዋለው ሰው ላይ አረፈ፤ ከሥራው ሁሉ እኔ የማደንቅለትም ይኼንኑ ነው። በ1923 የከንቲባ ምርጫ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ያህል ሰው መምረጥ ሲችል ድምፅ የሰጠው 723 ሺህ ገደማ ነበር። ሜሪያምና የሥራ ባልደረባው ሃሮልድ ጎስኔል ሰዎች አሰማርተው፣ በር እያስንኳኩ፣ ድምፅ ያልሰጡ 6 ሺህ ያህል ነዋሪዎችን ጠየቁ።

መልሱን ስሙልኝ! አንዱ ታሞ ነው፣ አንዷ ትታው የማትሄደው በሽተኛ ቤት አለባት፣ አንዱ ከሥራ ቢቀር ደመወዙ እንዳይቆረጥበት ፈርቷል። በኢሊኖይ ሴቶች ለከተማ ምርጫ ድምፅ መስጠት የተፈቀደላቸው በ1913 ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ምርጫ የወንድ ሥራ ነው ያሉ ሴቶች ተገኙ፤ ባሌ አይወድም ያሉም አሉ። ሲመዘገቡ ዕድሜያቸው እንዳይታወቅ የቀሩም ነበሩ (እነዚህን እንኳ ልፈርድባቸው አልችልም)። ኮሮጆው የተበላሸ ነው ብሎ ተስፋ የቆረጠም አልጠፋም። ከሁሉ የበዛው ግን ጉዳዬ ብሎ ያልያዘው ነው።

ምክንያቱ በ1924 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ጎስኔል ግን አላበቃም። በዚያው ዓመት የፕሬዝዳንት ምርጫ፣ በ1925 ደግሞ የምክር ቤት ምርጫ ሲደርስ፣ ለከፊሎቹ ነዋሪዎች እንዲመርጡ የሚያሳስብ ማስታወሻ በፖስታ ላከ፤ ለሌሎቹ ሆን ብሎ አላከም። እንግሊዝኛ ለማያነቡት በፖላንድኛ፣ በቼክኛና በጣሊያንኛ ጭምር አሳተመው። በፕሬዝዳንቱ ምርጫ ማስታወሻው ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፤ አገሩ ሁሉ ስለዚያ ሲያወራ ከርሟልና። ወረቀቱ ሰውን ከቤቱ ይበልጥ ያወጣው ለምክር ቤቱ ምርጫ ነበር።