ከስልክ ማዞሪያ እስከ ስዊች

በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። ስለ ሽቦው ርዝመት ብዙ ተነግሯል፤ እኛ የመጨረሻው ዓመት ተማሪዎች ግን በዚህ መጽሔት ልንመረምር የወደድነው ሽቦዎቹ የሚገናኙበትን ስፍራ፥ ማለት ማዞሪያውን ነው።

የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ተቋቁሞ ስልክ ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ሲስፋፋ፥ በብዙ ከተማ መስመርን ከመስመር የሚያገናኘው የሰው እጅ ነበረ። ደዋዩ እጀታውን ያዞራል፤ የማዞሪያው ሠራተኛ ማንን እንደሚፈልግ ጠይቆ ገመዱን ይሰካለታል። እንግዲህ ሠራተኛው ቢዘገይ ጉዳዩ ይዘገያል፤ ጆሮውን ቢጥል ምሥጢር ይወጣል። በአሜሪካ አገር የቀብር ሥራ የነበረው አልመን ስትሮውጀር፥ የማዞሪያዋ ሠራተኛ ደንበኞቼን ለተፎካካሪዬ ትሰጥብኛለች ብሎ ጠረጠረ ይባላል። ስለዚህም ያለ ሰው እጅ የሚያገናኝ ማዞሪያ ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1891 የፈጠራ መብት አገኘ። ጥርጣሬም አንዳንድ ጊዜ ይጠቅማል!

ማዞሪያ ከነአካቴው ባይኖርስ? በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የፕላዝማ ትምህርት ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። አንዱ ድምፅ ለሁሉም በአንድ ሰዓት ይደርስ ነበር፤ ጐንደርም ሆነ ደባርቅ የተቀመጠ ተማሪ «እባክዎ ይድገሙልን» ሊለው አይችልም።

የዛሬው የኮምፒዩተር ማዞሪያ ስዊች ይባላል። ተራው ስዊች መልእክትን በአድራሻው ያደርሳል፤ ነገር ግን «እገሌ የት ነው?» የሚለውን ጥሪ በሁሉም በር ያስተጋባል። የፈተና ውጤት የሚመዘገብበት ኮምፒዩተርና የተማሪዎች ኮምፒዩተሮች በእንዲህ ያለው አንድ ስዊች ላይ ቢሰኩ፥ ያለ አጥር በአንድ ግቢ እንደ ማደር ነው። አጥሩ ቪላን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው 802.1ኪው በተባለው ደንብ መሠረት እያንዳንዱ መልእክት የግቢው ቁጥር ይለጠፍበታል፤ ቁጥሩም እስከ 4094 ይደርሳል። ይህን አጥር የሚያጥረው ግን ማኔጅድ የተባለው፥ ትእዛዝ የሚቀበለው ስዊች ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ገዢው ይጠንቀቅ። ከአጥር ወደ አጥር ለማለፍ ራውተር ያስፈልጋል። ራውተሩ በአንድ ገመድ ብቻ ከተንጠለጠለ መልእክቱ ሁሉ በዚያች ገመድ ወጥቶ በዚያችው ይመለሳልና፥ ያ ባለ አንድ እጅ የማዞሪያ ሠራተኛ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ስለዚህ በመካከል የሚቀመጠው ሌየር 3 የሚባለው፥ ራሱ የሚያሻግረው ስዊች ይሁን። ሻጩ «ፈጣን ነው» ቢል አይበቃም፤ እያንዳንዳቸው 1 ጊጋቢት የሆኑ 24 በሮች በምልልስ ሁሉም ቢሠሩ በሴኮንድ 48 ጊጋቢት ይሆናልና፥ ይህ ቁጥር በወረቀቱ ላይ መኖሩን ማየት ነው።

የመዳብ ገመድ ከ100 ሜትር በላይ አያስኬድም። በደባርቅና በዳባት ደጋ ደግሞ መብረቅ አለ፤ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የብርሃን ገመድ ፋይበር ቢዘረጋ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ገንዘቡ ካነሰ ሌየር 3 የሚሆነው የመካከለኛው ብቻ ይሁን፤ በየክፍሉ ርካሹ ማኔጅድ ይበቃል።