ከአድዋ እስከ ኮርያ፤ ስለ ወጣቱ ወታደር መታሰቢያ

በአገራችን የጦርነት ታሪክ ስሙ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የጦር አለቃው ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከወደቁት መካከል ፊታውራሪ ገበየሁንና ደጃዝማች በሻህን እናውቃለን። አብሯቸው የወደቀው ወጣት ወታደር ግን ስሙ ከዘመዶቹ አፍ አላለፈም፤ እነርሱም ሲያልፉ አብሮ ተቀበረ።

የቃኘው ሻለቃ ነገር ከዚህ ይለያል። በራስ መኰንን የፈረስ ስም የተጠራው ይህ ጦር በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ ዘመተ። ውጊያው በሐምሌ 1945 ዓ.ም. እስኪቆም ድረስ ከ120 የሚበልጡ ወታደሮች ሞቱ፤ አንድ ስንኳ አልተማረከም። ዐፅማቸውም ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ።

ልጁ በባዕድ ምድር የሞተበት ወላጅ መርዶ ሰምቶ እርሙን ያወጣል እንጂ አፈር አያለብስም። ስለዚህ የዐፅሙ መመለስ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ተራው ወታደርም እንደ አለቃው መቃብሩ የሚታወቅ ሆነ።

ነገር ግን መቃብር የሟቹን ጠባይና ጨዋታ አይናገርም። ይህን የሚያውቁ ጓዶቹና እኅት ወንድሞቹ ዛሬ እጅግ ጥቂት ናቸው። የታሪክ ተማሪ እንግዲህ ከመዝገብ ቤት አስቀድሞ የእነርሱን ደጅ ያንኳኳ፤ መዝገቡ ይቆያል፣ ሽማግሌው ግን አይቆይም።